የቢሮ ኪራይ ኮሚሽን ከማን ኪስ ይወጣል?

ድርጅት ቢሮ ሲከራይ ተዋዋዮቹ ሁለት ይምሰሉ እንጂ ጉዳዩ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው፤ አከራዩ፣ ደላላው፣ ድርጅቱና ድርጅቱን ወክሎ የሚደራደረው ኃላፊ። ቤቱን የሚመርጠው ኃላፊው፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። ድርጅቱ 500 ካሬ ሜትር ይፈልጋል እንበል። የአካባቢው ኪራይ በካሬ 900 ብር ሆኖ ሳለ ደላላውና ኃላፊው ተመካክረው ውሉ በ1,000 ብር ይፈረማል። ልዩነቱ በወር 50,000 ብር፣ በአምስት ዓመት 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አከራዩ 1 ሚሊዮን ብር «በኮሚሽን» ስም ለደላላው ይሰጣል፤ ደላላው ግማሹን «ለሻይ» ብሎ ለኃላፊው ያቀብላል። ብዙ ሰው ይህን ደላላው ከራሱ ድርሻ ያካፈለው ገንዘብ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። አከራዩ ሚሊዮኑን ከፍሎም 2 ሚሊዮን ተርፎታል፤ ሦስቱንም ያጎረሰው ተከራዩ ነው። ኃላፊው ግማሽ ሚሊዮን ለማግኘት አሠሪውን 3 ሚሊዮን አስከፍሏል። ከሌብነትም ውድ ሌብነት ነው።

ኮሚሽን መካፈል ሁሉ ነውር አይደለም። ቤቱን የያዘውና ተከራዩን ያመጣው ደላላ መካፈላቸው የታወቀ ነው። በአሜሪካም የሁለቱን ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው አከራዩ ነው፤ እርግጥ ኪራይ በተወደደ ቁጥር ኮሚሽኑ የሚያድግለት የተከራይ ደላላ ለማን እንደሚቆም ያጠያይቃል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ በብድር በሚገዛ መኖሪያ ቤት ላይ ደንበኛ ለመላክ ጉርሻ መቀበልን እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል። የንግድ ሕንፃን ግን አይመለከትም፤ ነጋዴ ራሱን ይጠብቃል ተብሎ ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ አገር የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2209 ወኪል ወካዩ ሳያውቅ ከጉዳዩ ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። ቁም ነገሩ «ሳያውቅ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ለአክሲዮን ማኅበራት ደግሞ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የግሉንም ዘርፍ ስለሚነካ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ክርክር ያልፋል።

ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ መሰብሰብ ብቻውን አያድንም፤ ሦስቱንም ያመጣው ያው ደላላ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው አከራዩ ለማን ምን ያህል እንደከፈለ በውሉ ውስጥ እንዲገልጽ፣ የደበቀው ከተገኘም ልዩነቱ ከኪራዩ እንዲቀነስ ማድረግ ነው። ይህን አንቀጽ ለመፈረም የሚያንገራግር አከራይ ካጋጠመ የካሬውን ዋጋ እንደገና መጠየቅ ይበጃል።