ፊት ከተጣመመ በኋላ የሚመጣ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ

ፊታቸው በአንድ ወገን ተጣሞ የነበረ ሰዎችን ታውቁ ይሆናል። በተለምዶ «ንፋስ መታው» የሚባለው ይህ ሕመም በሕክምናው ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቤልስ ፓልሲ ነው። ሕክምና ሳያገኙ እንኳ ከ10 ሕሙማን ወደ 7 የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ ግን ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል።

አንዲት እናት አስቡ። ከወራት በፊት የተጣመመው ፊቷ ተስተካክሎ ቤተሰቡ «አልሐምዱ ሊላህ» ብሏል። አሁን ግን ፈገግ ስትል ወይም ስታላምጥ በታመመው በኩል ያለው ዓይኗ ይዘጋል። ዓይኗን ስትጨፍን ደግሞ የከንፈሯ ጫፍ ይሳባል። የማያውቃት ሰው «ጠቀሰችኝ» ብሎ ይገምታል። እርሷም በዚህ ተሸማቅቃ በሰው ፊት መሳቅና ከሰው ጋር መብላት ትታለች።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

የፊት ነርቭ ከጆሮ ሥር ወጥቶ ወደ ግንባር፣ ዓይን፣ ጉንጭ፣ ከንፈርና አንገት ይከፋፈላል። ክፉኛ ከተጎዳ ክሮቹ እንደገና የሚያድጉት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ከንፈር መሄድ የነበረበት ክር መንገድ ስቶ ወደ ዓይን ጡንቻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለከንፈር የተላከው ትእዛዝ ዓይንም ዘንድ ይደርሳል። ሐኪሞች ሲንካይኔሲስ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፊት ከተጣመመ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው።

የተለመደው ስሕተት

ብዙዎች ፊታቸው የደከመ ስለሚመስላቸው ማስቲካ አዘውትረው ያኝካሉ፣ ፊኛ ይነፋሉ፣ ፊታቸውን በኃይል ያኮማትራሉ። ችግሩ ግን ጡንቻዎቹ ከመጠን በላይና በአንድነት መሥራታቸው ነው። በኃይል ማሠራት የተሳሳተውን ልማድ ያጠነክረዋል። በኤሌክትሪክ ማነቃቃትም አይመከርም።

ምን ይደረግ?

1. ፊትን በሞቀ ፎጣ አለስልሶ የጠነከረውን ጉንጭ በጣት ቀስ ብሎ ማሸት።

2. መስታወት ፊት ተቀምጦ ከንፈርን በዝግታና በጥቂቱ ብቻ ማንቀሳቀስ። ዓይን መጥበብ ሲጀምር ማቆምና እንቅስቃሴውን ቀንሶ መድገም።

3. «ኡ» እና «ኢ» እንደሚባለው ከንፈርን ሲያንቀሳቅሱ ዓይንን ክፍት አድርጎ መቆየት።

አንዴ ረጅም ሰዓት ከመልፋት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መሥራት ይሻላል። ለውጡ ወራት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ልምምዱን የፊት ነርቭ ሕመም የሚያውቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢመራው ይመረጣል።

ልምምዱ ብቻ ካልበቃ ሐኪሙ ቦቶክስ የሚባለውን መድኃኒት በጥቂቱ በጡንቻው ውስጥ ሊወጋ ይችላል። ብዙዎች ለመልክ ማሳመሪያነት ቢያውቁትም እዚህ የሚሰጠው ለሕክምና ነው። ከመጠን በላይ የሚሠራውን ጡንቻ ለ3 ወይም ለ4 ወር ያህል ያላላል፤ ከዚያም ይደገማል። ለጊዜው የዓይን ቆብ መውረድ ወይም የከንፈር መድከም ሊያመጣ ስለሚችል የሚወጋው የሠለጠነ ሐኪም መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር። በዚህም ላልተሻላቸው ቀዶ ሕክምና አለ።

ፊት ድንገት ሲጣመም

በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ የሚጀመር የስቴሮይድ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የመዳንን ዕድል ይጨምራል። የማይዘጋው ዓይን እንዳይደርቅ ጠብታ ይደረግበት። እጅ ወይም እግር ከደከመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። «በርቺ፣ ጠንከር አድርገሽ ሳቂ» እያሉ አይጎትጉቷት። የዓይኗ መዘጋት ጥቅሻ ሳይሆን የነርቭ ሕመም ቅሪት መሆኑን ለጎረቤትና ለዘመድ ያስረዱላት። ያን ጊዜ ወደ ማዕዱ መመለስ ይቀላታል።