ውኃው ለምን አረንጓዴ ይሆናል?
ስለ ሳይኖባክቴሪያ የኃይል አሠራርና ስለ ውኃ አጠባበቅ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በኩሬዎችና ክዳን በሌላቸው የውኃ ማጠራቀሚያዎች ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ሽፋን ተንሳፍፎ የሚታይበት ጊዜ አለ። በተለምዶ አልጌ ይባል እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ደቂቃን ፍጥረታት ክምችት ነው። ይህ ፍጡር ከብርሃን ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ የተረዳ የሰበካ ኮሚቴ፣ ውኃውን ለመጠበቅ ምን ማድረግ እንደሚገባና የትኛው ልማድ እንደማይበቃ ለይቶ ለማወቅ አይቸገርም።

የቀን ሥራ

በሳይኖባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ ታይላኮይድ የሚባሉ ስስ ሽፋኖች አሉ። ብርሃንን የሚሰበስቡት አረንጓዴው ክሎሮፊልና ፋይኮሳያኒን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ናቸው። የተሰበሰበው ብርሃን ፎቶሲስተም ሁለት ወደሚባለው ክፍል ሲደርስ፣ በዚያ ያለው ማንጋኒዝና ካልሲየም የያዘ እምብርት ውኃን ይሰነጥቃል። ከሁለት የውኃ ሞለኪውሎች 4 ኤሌክትሮኖች፣ 4 ፕሮቶኖችና አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይገኛሉ። ኦክስጅኑ ወደ ውኃውና ወደ አየሩ ይወጣል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን ጉዞ ይጀምራሉ።

ተሸካሚ ሞለኪውሎች እየተቀባበሉ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ፎቶሲስተም አንድ ያደርሷቸዋል። በመንገድ ላይ የሚለቀቀው ኃይል ፕሮቶኖችን በሽፋኑ አንድ ወገን እንዲከማቹ ያደርጋል። የተገደበ ውኃ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞር ሁሉ፣ ፕሮቶኖቹም ሲመለሱ በሽፋኑ ላይ የተተከለውን ኤንዛይም ያዞራሉ፤ በዚህም ኤቲፒ የተባለው የኃይል ስንቅ ይዘጋጃል። በፎቶሲስተም አንድ በብርሃን ዳግመኛ የተገፉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ በመጨረሻ ኤንኤዲፒኤች በተባለው ሞለኪውል ይያዛሉ። ሕዋሱ በእነዚህ በሁለቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ የተረፈውንም ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል።

የሌሊት ሥራ

ዕፀዋት ብርሃን አስተፃምሮንና ትንፈሳን የሚያከናውኑት በተለያዩ የሕዋስ ክፍሎች ነው። ሳይኖባክቴሪያ ግን ሁለቱንም በዚያው በታይላኮይድ ሽፋን ላይ ያከናውናል፤ ከተሸካሚዎቹም አንዳንዶቹ ለሁለቱም ሥራ ያገለግላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ያስቀመጠውን ግላይኮጅን እየፈጨ ይኖራል፤ ከዚያ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች በመጨረሻ የሚቀበላቸው ኦክስጅን ሲሆን፣ እርሱም ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ቀን ኦክስጅን ሲሰጥ የዋለው ክምችት ሌሊት ኦክስጅን ወሳጅ ይሆናል። ክምችቱ ሲበዛ፣ ይልቁንም ሞቶ መበስበስ ሲጀምር፣ በውኃው ያለው ኦክስጅን ይመናመናል። ዓሦች ንጋት ላይ ሞተው የሚገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጠቃሚውና ጎጂው

በአገራችን ሁለቱም ይገኛሉ። በቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅና በሻላ አቅራቢያ ባለው ጪቱ ሐይቅ የሚበዛው ስፒሩሊና በሚል ስም የሚታወቀው፣ በፕሮቲን የበለጸገው ዓይነት ነው። በቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዓይነት በብዛት መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል። ይህ ዓይነት ማይክሮሲስቲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውኃ ያወጣው የዚህ መርዝ መመሪያ መጠን በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይህም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። መርዝ ያለበትን ክምችት ከሌለበት በዐይን መለየት አይቻልም።

ኮሚቴዎች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባራት

1. ብርሃኑን መከልከል። የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ የሚጀምረው በብርሃን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጋን ብርሃን የማያስገባ ክዳን ይኑረው።

2. ምግቡን ማሳጣት። ኤቲፒ ራሱ ያለ ፎስፈረስ አይሠራም፤ ሕዋሱም ናይትሮጅን ያስፈልገዋል። ፍግ፣ ማዳበሪያና የልብስ ማጠቢያ እጣቢ ወደ ኩሬው እንዳይገቡ ዙሪያው ይታጠር፤ በዳርቻው ሣር ይተከል፤ የከብት ማጠጫው ከኩሬው ርቆ ይሠራ።

3. በማፍላት አለመተማመን። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ማይክሮሲስቲንን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ሕዋሶቹ ሲፈነዱ በውስጣቸው የነበረው መርዝ ወደ ውኃው ይለቀቃል። ክምችቱን በኬሚካል ለመግደል መሞከርም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

4. ሽፋኑ ከታየ መራቅ። ሕዝቡ ከዚያ ውኃ እንዳይቀዳ፣ ሕፃናት እንዳይዋኙበት፣ ከብቶችም እንዳይጠጡት ወዲያው በዐውደ ምሕረት ይነገር። ሌላ የውኃ ምንጭ ይፈለግ፤ የወረዳው የውኃና የጤና ጽሕፈት ቤቶችም ናሙና ወስደው እንዲያስመረምሩ በጽሑፍ ይጠየቁ።

ከእነዚህ መካከል ክዳኑና አጥሩ በሰበካው አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። የሚጠቅሙትም አረንጓዴው ሽፋን ከመታየቱ አስቀድሞ ሲሠሩ ስለሆነ፣ በኮሚቴው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ እንዲካተቱ ይመከራል።