ጨዋማና አሞኒየም የበዛበት የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሥነ ሕይወታዊ ማጣሪያ

በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ጨውና አሞኒየም ምንጫቸው የተለያየ ነው። ጨው ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ ስለሚነሰነስበት፣ ቆዳው ሲዘፈዘፍ ከውኃው ጋር ይወጣል። አሞኒየም በአብዛኛው የሚመነጨው ኖራን ከቆዳ ለማስለቀቅ ከሚጨመረው አሞኒየም ሰልፌት ነው። ሁለቱ በአንድ ገንዳ ሲቀላቀሉ አሞኒየምን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በጨው ይዳከማሉ።

በተለመደው ሂደት አንደኛው የባክቴሪያ ቡድን አሞኒየምን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል። ጨው ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚዳከመው ሁለተኛው ቡድን ነው፤ ፒኤች ሲጨምር የሚበዛው ነጻ አሞኒያም ይህንኑ ቡድን አስቀድሞ ይጎዳል። ውጤቱ ለዓሣ መርዛማ የሆነው ናይትራይት መከማቸት ነው። በመሆኑም የአሞኒየም መቀነስ ብቻውን የማጣሪያውን ስኬት አያረጋግጥም፤ ናይትራይትም አብሮ ሊለካ ይገባል።

ይሁንና ይህ ክምችት በቁጥጥር ሥር ከዋለ ጥቅም አለው። 1 ግራም የአሞኒየም ናይትሮጅንን እስከ ናይትሬት ለማድረስ 4.57 ግራም ኦክስጅን ሲያስፈልግ፣ ናይትራይት ላይ ለማቆም 3.43 ግራም ይበቃል። ይህም የኦክስጅን ፍላጎትን በ25 በመቶ፣ በቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልገውን የካርቦን ምግብ ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ግን ሦስት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው፦ ባክቴሪያዎቹን ከጨው ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ፣ የጨው መጠን በድንገት እንዳይዋዥቅ ማድረግ፣ እንዲሁም ናይትራይቱ ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ፍሳሹን አለመልቀቅ።

ሥነ ሕይወታዊ ማጣሪያ ናይትሮጅንን እንጂ ጨውን አያስወግድም። የቆዳ ፋብሪካዎች በሚገኙባት ሞጆ ወንዙ ወደ ቆቃ ሐይቅ ስለሚፈስ፣ ያልተወገደው ጨው የታችኛውን ተፋሰስ ውኃ ይነካል። ስለዚህ ከማጣሪያው በፊት ምንጩ ላይ መሥራት ይገባል፦ ጨውን ከመዘፍዘፍ በፊት ማራገፍ፣ የመዘፍዘፊያውን ውኃ ለብቻ ማጠራቀም፣ አሞኒየም ሰልፌትን በተቻለ መጠን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መተካት። ማጣሪያው ውጤታማ የሚሆነው ሊሸከመው የሚችለው ፍሳሽ ሲደርሰው ነው።