የተጎዳ ሰው ደም ሲመረመር፦ ለተረኛዋ ወጣት ሐኪም

ልጄ፣ በቅርቡ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ልትሆኚ ነው። በሲኖትራክ የተገጨው፣ ከፎቅ ግንባታ የወደቀው፣ በጩቤ የተወጋው ሁሉ በአንድ በር ይገባብሻል። በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ እኛ በወጣትነታችን የሚያሳየን አልነበረም። አንቺ መምህር አለሽ፣ ዕድለኛ ከሆንሽ ደግሞ ከጥቂት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚያወጣ መሣሪያ አለሽ። ውጤቱ የትኛው ታካሚ አደጋ ላይ እንዳለ ቀድሞ ይጠቁምሻል። አጠቃቀሙን ግን ከሰው ነው የምትማሪው፤ ስለዚህ ስሚኝ።

1. መጀመሪያ ደሙን አቁሚ። የሚደማውን ቦታ ተጫኚ፣ የአየር መንገዱን ክፈቺ፣ ዳሌው የተሰበረ ከመሰለሽ እሰሪው። ናሙናውን የደም ሥር ስትከፍቺ አብረሽ ቅጂ፤ ለብቻው ጊዜ አይፈልግም።

2. በመጀመሪያው ሰዓት ሄሞግሎቢንን አትመኚው። የሚደማ ሰው ቀዩን ሕዋስና ውሃውን አብሮ ነው የሚያጣው፤ ስለዚህ ደሙ ቢጎድልም የቀረው አይቀጥንም። ከባጃጅ ወድቆ ግራ ጎኑን የተመታ ወጣት መጣ እንበል። ያወራል፣ ስልኬ የት ነው ይላል። ግፊቱ 110 በ70፣ ሄሞግሎቢኑ 14። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ኮሪደር ላይ ያቆየዋል። አንቺ ግን እጁን ንኪው፤ ቀዝቅዟል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ የልብ ምቱ 118 ነው፣ ላክቴቱ 5.8 ወጥቷል። ይህ ልጅ ጣፊያው ተሰንጥቆ ሆዱ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። የወጣት ገላ የደም ሥሮቹን አጥብቦ ግፊቱን ይዞ ይቆያል፤ ሲያቅተው ግን ባንዴ ነው የሚወድቀው። ሄሞግሎቢኑ የሚወርደው ፈሳሽ ከገባለት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ረፍዷል። አልትራሳውንዱን ሆዱ ላይ አድርጊ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ጥሪ፣ ደም እንዲዘጋጅ እዘዢ።

3. ላክቴትን ድገሚው። ሕዋሳት ደምና ኦክስጅን ሲያጥራቸው ላክቴት ይከማቻል። በሊትር ከ2 ሚሊሞል በታች ጤናማ ነው፤ ከ4 በላይ ሲሆን ፍሪ። እኔ ከመጀመሪያው ውጤት ይልቅ ሁለተኛውን አምናለሁ፣ ምክንያቱም ሕክምናሽ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳየው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት 76 ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ላክቴታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ልኩ የተመለሰላቸው 27ቱም ተረፉ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰላቸው 22 ሰዎች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ናሙና ላኪ። አለመውረዱ የሆነ ቦታ ገና ያልቆመ ደም ሊኖር እንደሚችል ይነግርሻልና ፈልጊው።

ላክቴት በሌላም ምክንያት ይጨምራል፤ መጠጥ፣ የሚጥል በሽታ፣ አድሬናሊን፣ የጉበት ሕመም ከፍ ያደርጉታል። ናሙናው ራሱም ያሳስታል። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከቆየ ቀይ ሕዋሳቱ እዚያው ላክቴት ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። የተቀዳበትን ሰዓት ቱቦው ላይ ጻፊ፣ ለተላላኪም «ቶሎ» ብለሽ ስጪ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ሲመጡ ደግሞ የላክቴት ውጤት ይበልጥ ያስፈልግሻል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ የልብ ምትን ስለሚይዙ ምታቸው 80 ሆኖ እየደሙ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው በሌለበት ሆስፒታል ብትመደቢም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ጥፍሩን ተጭነሽ ስትለቂው ቀለሙ ቶሎ ይመለስ እንደሆነ እዪ፣ ሽንቱን በየሰዓቱ ለኪ፣ አነጋገሩ እየተደነጋገረ መሆኑን አድምጪ።

4. የደሙን መርጋት ጠይቂ፣ መድኃኒቱን ግን አታዘግዪ። ቀድሞ ደም የማይረጋው ሐኪም ባፈሰሰው ሳላይን ብዛት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከለንደን የወጣ ጥናት ግን 1,088 ታካሚዎችን መርምሮ፣ ሩብ የሚሆኑት ሆስፒታል ሲደርሱ ደማቸው መርጋት ተስኖት እንደነበር አሳየ። ከእነዚህ 46 በመቶው ሞቱ፤ ደማቸው በደንብ ከሚረጋው የሞቱት 11 በመቶ ያህሉ ናቸው። ጉዳቱ ራሱ መርጋትን ያበላሻል፤ ብርድና የደም አሲድነት ደግሞ ያባብሱታል። ታካሚሽን አልብሺው፣ ሳላይን በገፍ አታፍስሺበት፣ ፋይብሪኖጅንና አይኤንአር እዘዢ። አታዘግዪው ያልኩሽ መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ግን ውጤት አይጠብቅም። በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ክራሽ-2 ጥናት መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በመጀመሪያው ሰዓት ሲሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ሲጀመር በመድማት የሚሞቱት በዝተው ታይተዋል። አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ካመጣው ሰው ጠይቀሽ ካርዱ ላይ ጻፊ።

5. ስለ ጭንቅላት ጉዳት አጭር ቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ከአንጎል ሕዋስ ወደ ደም የሚወጡ ሁለት ፕሮቲኖችን የሚለካ ምርመራ ፈቅዳለች። ጥቅሙ ቀላል ጉዳት የደረሰበት አዋቂ ሲቲ ስካን ያስፈልገው እንደሆነ ለመለየት ነው። ምርመራው እስኪደርስሽ ድረስ የታካሚውን የዓይን ብሌኖች እያነጻጸርሽ እዪ፣ የንቃቱን ደረጃ በየጊዜው መዝግቢ።

6. በውጤት ማንንም አትተዪ። ይህን ከሁሉ አብልጬ እነግርሻለሁ። ጥናቶቹ የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰዎች ነው፤ ከመቶው ሰው የትኛው እንደሚተርፍ አይነግሩሽም። በዚያ በ1993ቱ ጥናት እንኳ ተስፋ ከሌላቸው ወገን 3 ሰዎች ተርፈዋል። ከፍ ያለ ላክቴት ስታዪ ቀዶ ክፍሉን ቶሎ ለማስከፈት፣ ደሙን ቶሎ ለማስመጣት ተጠቀሚበት። ደምና አልጋ ባነሰበት ቦታ «ይሄስ አበቃለት» የሚለው ቃል ቶሎ ከአፍ ይወጣል፤ ከአንቺ አፍ ግን በአንድ ወረቀት ምክንያት አይውጣ።

በር ላይ የቆሙት አስታማሚዎች ሲጠይቁሽም ቁጥር አትንገሪያቸው። «ጉዳቱ ከባድ ነው፤ እየረዳነው ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመልሼ እነግራችኋለሁ» በያቸው። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ውጤቱ ቢከፋም ባይከፋም ሄደሽ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ሌላ ሰው አትላኪ።