የማረፊያ እግር፦ አሉሚኒየም ወይስ ብረት?

ጥያቄ፦ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ አውሮፕላንን በቮልስዋገን ሞተር ሲሠሩ አይቼ እኔም ጀምሬያለሁ። ለጠጠራማ ሜዳ የትኛው እግር ይሻላል? (አንባቢ፣ ከአርብ ገበያ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የስፕሪንግ ብረት እመክርዎታለሁ። 7075-ቲ6 አሉሚኒየም ክብደቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጠጠር የጫረው ቦታ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ብረትም ዝገትና ጭረት ይጎዱታል፤ ስለዚህ ጠርዙን ጥፍር እስኪንሸራተትበት ያለስልሱት፣ ቀለም ይቀቡት፤ የሚተጣጠፈውን ክፍል ፈጽሞ አይብሱ፣ አይበይዱ።

ሜዳዎ ደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ አውሮፕላን የሚያርፍበት ፍጥነት በባሕር ወለል ከሚያርፍበት 12 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ጎማና ፍሬን ሲመርጡ ይህን ያስቡ።

ከመብረርዎ በፊት እግሩን ሙሉ ክብደት አሸክመው፣ እንደ ክንፉ ጭነት ከ23 እስከ 47 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጥለው ይፈትኑት። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። የእርስዎ ሕይወት ከማንኛውም ሥራ ይበልጣል።