ሥጋው ለምን ተለየ?



ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለትምህርት ወደ ከተማ የወጣችሁ ልጆች የምትጠይቁት ጥያቄ አለ። «ቁርኣን የኪታብ ባለቤቶችን ምግብ ፈቅዶልናል፤ ታዲያ አያቴ የክርስቲያን ጎረቤቷን ሥጋ ለምን አትበላም? ይህ ዲን ነው ወይስ ባህል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። አደጋው በችኮላ ሲመለስ ነው። አንዱ አያቱን «አላዋቂ» ብሎ ያስለቅሳል። ሌላው «ለካ ዲን ሁሉ ባህል ነው» ብሎ ሶላቱን ይተዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

መጀመሪያ ቁርኣኑን እንይ። በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) የእነሱን ምግብ ለእኛ፣ የእኛንም ለእነሱ ሐላል አድርጓል። በሱረቱል አንዓም 121ኛው አንቀጽ ደግሞ የአላህ ስም ያልተወሳበትን እርድ እንዳንበላ ያዘናል። ዑለማዎች ሁለቱን አንድ ላይ አንብበው «ያረደው ማነው? ሲያርድስ የማንን ስም ጠራ?» ብለው ይጠይቃሉ። በአገራችን ክርስቲያኑ ሲያርድ በሥላሴ ስም ይባርካል። ስለዚህ ብዙ የአገራችን ዑለማዎች «አይበላም» አሉ። ከቀደምት ዑለማዎች ደግሞ የአንቀጹን ፈቃድ ሰፋ አድርገው የተረዱ ነበሩ። ልብ በሉ፤ አንቀጹ መካም መንዝም ያው ነው። ዑለማው ግን ፍርድ ከመስጠቱ በፊት የአገሩ ሰው ቢላዋ ሲያነሳ ምን እንደሚል ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው ልቼ ለአፄ ዮሐንስ አራተኛ ገበሩ። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ ከዚያም የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ተነሱ። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ዲኑን አስተማሩ።

ወሎ ለግሼ ጎረቤት ነው። በእነዚያ ዘመናት የክርስቲያን ሥጋ መብላት ረሃብን ማስታገስ ብቻ አልነበረም፤ «ሃይማኖቴን ለውጫለሁ» ማለት ነበር። በክርስቲያኑም ዘንድ የእስላም ሥጋ የበላ እንደ ሰለመ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ አያትህ እጇን ከሥጋው ስትሰበስብ፣ በማዕድ ላይ የቆየ የእምነት ምስክርነት ከእናቷ ተቀብላ ነው። አንቀጹን ስላላነበበች ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጉርብትናው አልፈረሰም። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ «አርዳችሁ ብሉ» ይላል። ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ይለያል፤ ቡናውና ለቅሶው ግን የጋራ ነው። ሥጋው ተለየ እንጂ ሰው አልተለየም።

ታዲያ ዲንን ከልማድ እንዴት እንለያለን? ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንማር። አንድ ቀን የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀረበላቸው፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም መሆኑን ጠየቃቸው። ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በሕዝባቸው ምድር ስለማይገኝ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሩት። ኻሊድም እሳቸው እያዩት በላ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልማዳቸውን አልደበቁም፤ ልማዳቸውን ግን በሌላው ላይ ሕግ አላደረጉም።

ኢማም ሻፊዒም ከባግዳድ ወደ ግብጽ ከሄዱ በኋላ ብዙ ፍርዶቻቸውን ከለሱ። የፊቱ «ቀዲም»፣ የኋላው «ጀዲድ» ይባላል። አዲስ ማስረጃ አገኙ፣ የተለየ ኑሮም አዩ። ተውሒዳቸው ግን ባግዳድም ግብጽም አንድ ነበር፤ አምስቱ ሶላትም አራት አልሆነም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ለዩ። ሥሩ፣ ማለትም ተውሒድና የዲኑ ማዕዘናት፣ በቦታ አይለወጥም። ፍርዱ የሰዉን ኑሮ አይቶ ይሰጣል፤ ይህም የዑለማ ሥራ ነው እንጂ የስልካችን አይደለም። ልማድ ደግሞ ከዲን ጋር እስካልተጋጨ ይከበራል፤ «ዲን ነው» ተብሎ ግን በሰው ላይ አይጫንም። የሌላ አገር ልማድም ከዐረብ ምድር ስለመጣ ብቻ ዲን አይሆንም።

ወደ ቤት ስትመለሱ አያታችሁን ከማረም በፊት «ይህን ከማን ተማርሽው?» ብላችሁ ጠይቋት። ከመልሷ ውስጥ ኪታብ ላይ የማታገኙት ታሪክ ይወጣል። ፍርዱን ደግሞ አገራችሁን የሚያውቅ ሸይኽ ፊት ተቀምጣችሁ ተማሩ።

አላህ ሥሩን አጥብቀው ከሚይዙት፣ ለወላጆቻቸው ከሚያዝኑት፣ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።