የ8ኛ ክፍል ውጤት ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ ኮልፌ ቀራንዮ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤታችን የ8ኛ ክፍል ውጤት ከግሎቹ ያነሰ ነው። መምህራኑ ደካማ ስለሆኑ ነው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የግል ትምህርት ቤት በክፍያው ተማሪ ይመርጣል፤ የመንግሥቱ ግን ከእናቱ ጉሊት ሽንኩርት ሰብስቦ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ሲመሽ ደብተር የሚገልጠውንም ልጅ ይቀበላል። የሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ጀምስ ኮልማን በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባወጣው ጥናት፣ ለውጤት ልዩነት የቤተሰብ ኑሮ ከትምህርት ቤቱ ግብዓት የበለጠ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። «ይህ ለመምህራን ሰበብ አይሆንም?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መለኪያው ሌላ ነው፦ በ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው የሌላ መንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የእናንተዎቹ 8ኛ ላይ ወደ ኋላ ቀርተዋል? ከቀሩ፣ ማስተማሩ በጥብቅ ሊመረመር ይገባል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ይህን ንጽጽር ጠይቁ።